«አቃጠለኝና ጣልኩት» ለምትሉ፦ ስለ ታክሮሊመስ ቅባት ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ፣ ፋርማሲስት ነኝ። ልጄም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኤግዚማ፣ እኛ ሰፈር ችፌ የሚሉት፣ አለባት። ሰሞኑን ስለ ታክሮሊመስ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ስቴሮይድ (የተለመደው የቆዳ ቁጣ ማብረጃ መድኃኒት) የሌለው፣ በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ የኤግዚማ ቅባት ነው። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። የእናንተን ቆዳ ግን አላየሁትም፤ ያያችሁ ሐኪም የተለየ ነገር ካዘዛችሁ የእሱን ስሙ።

ከሽምብጥ፦ ለልጄ ዓይን ቆብ አዘዙልን። ገና ስቀባት እሪ አለች። ፈርቼ ጣልኩት። አጠፋሁ እንዴ?

አላጠፋሽም እህቴ። የሚነግርሽ ሰው ነው ያጣሽው። ይሄ ቅባት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቃጥላል፣ ያሳክካልም። በርበሬ የነካ እጅ ፊት ሲነካ እንዳለው ዓይነት ነው። የእኔዋ ልጅ አራት ዓመቷ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ቱቦውን አልጋ ሥር ደብቃ አገኘሁት። ማታ ማታ አቅፌያት፣ ፊቷን በመጽሔት እያራገብኩላት ነው ያለፍነው። በሳምንቱ ግን ራሷ አምጥታ «ቀቢኝ» አለችኝ። ቁስሉ እየዳነ ሲሄድ ማቃጠሉም እየቀነሰ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት ብዙም አያልፍም።

የሚያቀልሉት ነገሮች አሉ። ፊቷን ካጠብሽ በኋላ ወዲያው አትቀቢ፣ ቆዳው ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሪ። በጣም ስስ አድርጊው። ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቂ። ቆዳው በጣም ተቆጥቶ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት ቀለል ያለ ስቴሮይድ አስቀብቶ ካበረደው በኋላ ወደዚህ ሊያዞራችሁ ይችላል፤ ጠይቂው። ማቃጠሉ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ ወይም ቆዳው ውሃ ከቋጠረ ግን አቁሚና ውሰጃት።

ስቴሮይድ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?

ጃፓን ውስጥ በ1984 እ.ኤ.አ. ከጹኩባ ተራራ አካባቢ አፈር በተገኘ ባክቴሪያ ነው የተጀመረው። መጀመሪያ የጉበትና የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች የሚውጡት መድኃኒት ነበር። ቅባቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነው። በኤግዚማ ጊዜ የሰውነታችን መከላከያ ሴሎች ያለ ምክንያት ይቆጣሉ። ቅባቱ ካልሲኒውሪን የሚባለውን ፕሮቲን አግዶ ቁጣቸውን ያበርዳል። ትልቁ ጥቅሙ እንደ ስቴሮይድ ቆዳ አያሳሳም። ለፊት፣ ለዓይን ቆብ፣ ለአንገትና ለብብት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ስቴሮይድ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። በልኩና በቦታው ሲሆን ግሩም መድኃኒት ነው። ግን የራሴ ታናሽ እህት ያለ ማዘዣ የተሸጠላትን ጠንካራ ስቴሮይድ ስድስት ወር ፊቷ ላይ ቀባች። ጉንጯ ላይ የደም ሥሮቿ እንደ ቀይ ክር ወጡ፣ ፀሐይ ላይ መቆም አቃታት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቱቦው ላይ 0.03 እና 0.1 የሚል አየሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መጠኑ ነው፣ በመቶኛ። ከ2 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች 0.03፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ 0.1 ይታዘዛል፤ ለትልቅ ሰውም 0.03 የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን በራሳችሁ እንዳትቀቡ። የአባትን ቅባት ለልጅ መቀባት አይሆንም።

ውድ ነው፣ ቶሎም ያልቅብኛል። ምን ያህል ልቀባ?

አመልካች ጣትህን ዘርጋ። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ቅባቱን እንደ መስመር አውጣው። ግማሽ ግራም ገደማ ነው፤ ጣቶቹን ጨምሮ የአዋቂን ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ይሸፍናል። ለዓይን ቆብ የስንዴ ፍሬ የምታህል ትበቃለች። በቀን ሁለቴ፣ የታመመው ቦታ ላይ ብቻ። ደህናውን ቆዳ አትቀባ። ላዩን በፋሻ ወይም በላስቲክ አትጠቅልለው። የቀባኸው እጅህን ካልሆነ በቀር ስትጨርስ ታጠብ።

ቫዝሊን ወይም ሌላ ማለስለሻ የግድ ያስፈልጋል፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ደረቁ ብርድ ሲመጣ። ግን አንድ ላይ አትደርባቸው፤ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ያህል ይኑር።

ፊት ያነጣል?

አያነጣም። ይሄን ፈልጋችሁ ከሆነ እባካችሁ ተዉት። ኤግዚማ ሲድን በእኛ ቆዳ ላይ ጠቆር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ትቶ ይሄዳል፣ ለወራትም ይቆያል። ማሳከኩና ሻካራነቱ ከጠፋ ምልክቱ በራሱ ይለቃል፤ እሱን ለማጥፋት ብላችሁ መቀባት አትቀጥሉ።

ወረቀቱ ላይ ካንሰር የሚል አነበብኩ። እንቅልፍ አጣሁ።

ይገባኛል፣ እኔም ለልጄ ሳነበው ልቤ ደንግጦ ነበር። ማስጠንቀቂያው በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጨመረ ነው። መነሻው ብዙ መጠን የተሰጣቸው እንስሳት፣ መድኃኒቱን በአፍ የሚወስዱ የንቅለ ተከላ ታካሚዎች፣ እንዲሁም ከቅባቱ ተጠቃሚዎች የመጡ ጥቂት ሪፖርቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ ቅባቱን የተጠቀሙ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ካንሰር ከሚጠበቀው በላይ ሲጨምር አላየም። ከቆዳ አልፎ ደም ውስጥ የሚገባውም በጣም ትንሽ ነው። እኔ ለልጄ ቀባሁላት። ማስጠንቀቂያውን የማከብረው ስስ አድርጌ በመቀባት፣ ሲድን በማቆምና ከፀሐይ በመጠበቅ ነው። የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው፣ እርጉዝና የምታጠባ እናት ግን አስቀድመው ለሐኪም ይንገሩ።

ጣና ላይ ጀልባ እነዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ፣ እጄም እርጥብ ነው። መዳፌም ላይ ወጥቶብኛል።

ወንድሜ፣ አንተ ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ አለብህ። ከተማችን ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ፀሐዩ ጠንካራ ነው፣ ከውሃው ላይም እያንጸባረቀ ይመጣል። ሰፊ ባርኔጣና እጅጌ ረጅም ልብስ ልበስ፣ አንዱን ቅብ ከሥራ በኋላ አድርገው። ቱቦውንም ጀልባው ላይ ፀሐይ ውስጥ አትተወው። መዳፍህን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ፦ የመድኃኒቱ ሞለኪዩል ትልቅ ስለሆነ በወፍራም ቆዳ በደንብ አይገባም። ፊት ላይ የሚሠራውን ያህል መዳፍ ላይ አይሠራም። ሐኪምህ ሌላ ሊያዝልህ ይችላል።

ቢራ ስጠጣ ፊቴ ይግላል። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል። ታክሮሊመስ የሚቀቡ አንዳንድ ሰዎች አልኮል ሲጠጡ ፊታቸው ይቀላል፣ ይሞቃል። ጠጅም አረቄም ያው ነው። አደገኛ አይደለም፣ ግን ካስቸገረህ መጠጡን ተወው።

ከዘጌ፦ ልጄን ጠበል እየወሰድኩት ነው። ቅባቱን ላቁም?

አያቁሙ እናቴ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜ ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም ብለው አስተምረዋል። ከጠበሉ በኋላ ልጁን በስስ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገው ያድርቁት፣ ቆዳው ሲደርቅ ይቀቡት። ሎሚና የልብስ ሳሙና ግን አያስነኩት፣ ያንገበግቡታል።

መቼ ነው የማይቀባው?

ቢጫ መግል ወይም ቅርፊት ያለበት ቁስል ላይ አይቀባም፤ መጀመሪያ ኢንፌክሽኑ ይታከም። ጭርትም እከክም የዚህ ቅባት በሽታ አይደሉም። ሌሊት ሌሊት ቤተሰቡ ሁሉ የሚያክ ከሆነ እከክን ጠርጥሩ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፦ ኤግዚማው ላይ ድንገት አንድ ዓይነት ትናንሽ ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ከወጡ፣ ካመሙና ትኩሳት ካለ የሄርፒስ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። በተለይ ዓይን አካባቢ ከሆነ ነገ አትበሉ፣ ማታም ቢሆን ባጃጅ ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ከዳነ በኋላስ?

ሲጠራ ማቆም ነው። እየተመላለሰ የሚያስቸግር ከሆነ ሐኪሙ የሚመላለስበት ቦታ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንድትቀቡ ሊያዝ ይችላል፤ የእኔ ልጅ አሁን እንደዚያ ነው የምትቀባው፣ ሰኞና ሐሙስ ማታ። ስድስት ሳምንት በትክክል ተቀብቶ ምንም ለውጥ ካልመጣ ደግሞ ሌላ ቱቦ አትግዙ። ተመልሳችሁ ታዩ፣ ምናልባት መጀመሪያውኑ ኤግዚማ ላይሆን ይችላል።