«ከቅጠል የተሠራ ስለሆነ አይጎዳም» ትለኛለች

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ከገበያ የገዛችውን የቅጠል ዱቄት በጥብጣ መጠጣት ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆናት። አሁን እንክብሉን ልታቆም ነው። ስጠራጠር «የአያትሽን መድኃኒት ናቅሽ» ብላ ትቆጣለች። ምን ልበላት?
(ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

መልስ፦ ልጄ፣ የእኔም አያት የዘጌ ሴት ነበሩ። ገና ጎህ ሲቀድ፣ በባዶ ሆዴ፣ ኮሶ አጠጥተውኛል፤ ምሬቱ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ውስጥ አለ። ኮሶ የሆድ ትል ያስወጣል፤ ይህን ማንም አይክድም። ሲበዛ ግን ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። አያቴ የሚለኩት በእፍኝ ነበር፤ የእሳቸውና የአጎቴ እፍኝ ደግሞ ለየቅል ነው።

ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ አንዲት እናት እንዲህ ያለ ዱቄት በፌስታል ቋጥረው አመጡልኝ። አንድ ልኩን የሞላ፣ አንድ የተቆለለ የሻይ ማንኪያ ሚዛን ላይ አስቀመጥሁ፤ የተቆለለው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሁለቱም ግን ለእሳቸው «አንድ ማንኪያ» ነበሩ። ደግሞ ከዚያው ነጋዴ የገዙት ያለፈው ሳምንት አረንጓዴ፣ የዚያን ቀኑ ቡናማ ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው እንጂ ቅጠሉ አይደለም። እናትሽ የሚውጡት ሜትፎርሚን ከሆነ የእሱም መነሻ ጋሌጋ የሚባል ተክል ነው፤ ነገር ግን ባለ 500 ሚሊግራሙ እንክብል ዛሬም ነገም 500 ነው። ይህን ንገሪያቸው፤ አያትሽን አልናቅሽም።

ክርክሩን ተዪውና ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ ስኳራቸውን ለክተሽ ከነቀኑ ጻፊ። ለብዙ የስኳር ሕመምተኛ የሚፈለገው ከ80 እስከ 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ስኳራቸው በልኩ መሆን አለመሆኑን ቁጥሩ ይናገራል፤ እንክብሉን ግን ያለ ሐኪም እንዳያቆሙ ለምኛቸው፣ እግራቸው ላይ ወድቀሽም ቢሆን። እንክብሉ ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ስኳር አውራጅ ከሆነና ዱቄቱም ስኳር የሚያወርድ ከሆነ ሁለቱ ተደርበው ከ70 በታች ሊጥሏቸው ይችላሉ። ላብ ካጠመቃቸው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታባቸው ቶሎ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ስጪ፤ ራሳቸውን ከሳቱ ግን ምንም አፋቸው ውስጥ ሳታደርጊ ሆስፒታል አድርሻቸው። ጥማቱ ከበረታ፣ ሽንት ካበዛባቸውና ማስመለስ ከጀመሩም በዚያው ቀን ውሰጃቸው።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ፌስታሉን ከነዱቄቱ ያዢ። ባዶ እጅሽን ሄደሽ «ቅጠል ነው» ብቻ ካልሽው ምን እንደጠጡ በምን ያውቃል?