መልስ፦ እናቴ የመንግሥት ቤት ኪራይ ሁለት ወር አልከፈለችም፤ ያስወጧታል?

እህቴ፣ ሲያትል ያሉት እናትሽ ሥራ አቁመው ኪራይ ስላቃታቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ ብለሻል። አይዞሽ፣ ደብዳቤው የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም። አከራዩ ቁልፍ ቀይሮ ሊያስወጣቸው አይችልም። መጀመሪያ ፍርድ ቤት መወሰን አለበት፤ የሚያስወጣውም ሸሪፍ (የአካባቢው ሕግ አስከባሪ) ነው።

ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። በመንግሥት ቤት ኪራዩ ብዙውን ጊዜ አንዳንድ ወጪ ከተቀነሰለት ገቢ 30 በመቶ ነው። ሥራ ካቆሙ እኮ ኪራዩም መውረድ አለበት! ገቢያቸው መቀነሱን ዛሬውኑ በጽሑፍ አሳውቁ። ብዙ አበሻ ይሄን ሳያውቅ በድሮው ሂሳብ ዕዳ ይቆለልበታል።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ በቀነ ገደቡ መልስ ስጡ። ዝም ካላችሁ ቃላችሁ ሳይሰማ ይፈረድባችኋል። ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን ግዛት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተከራይ ነፃ ጠበቃ ያቆማል። የአማርኛ አስተርጓሚም ጠይቁ፣ አትፈሩ።

እኔ አንዴ እንዲህ ያለ ፖስታ ፈርቼ ሳልከፍተው ፍሪጅ ላይ ሦስት ሳምንት ከረመ። የመልሱ ቀን እዚያው አለፈ። እናትሽ ጋ ያልተከፈተ ፖስታ ካለ ዛሬ ማታ አብራችሁ ክፈቱት። ከኪራዩ ከፊሉን ከከፈሉ ደግሞ የማኒ ኦርደሩን ቁራጭ እንዳይጥሉት፤ የመክፈላቸው ማስረጃ ነው።