ጥዱ የኔ፣ ጥላው የጎረቤቴ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ግቢዬ እንዲያምር ብዬ አጥሬ ሥር 14 የፈረንጅ ጥድ በግማሽ ሜትር ልዩነት ተከልኩ። አሁን እንደ እናት የማያቸው ጎረቤቴ «ልጄ፣ በርበሬ የማሰጣበትን ፀሐይ ወሰድህብኝ፤ ካልቆረጥህ እከስሃለሁ» አሉኝ። በገዛ ግቢዬ አቀራርቤ መትከል አልችልም?

መልስ፦ ይችላሉ። በአንዱ ጥድና በሌላው መካከል ያለው ርቀት የእርስዎ ጉዳይ ነው። ቢያጠጋጉት የሚከስሩትም እርስዎ ነዎት። ተጠጋግቶ የበቀለ ጥድ ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ይመዘዛል፤ የታችኛው ቅርንጫፉ ይደርቅና ግንዱ ገጦ ይቀራል።

ሕጉ የሚያየው አጥር የሚሻገረውን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 የንብረት ባለቤት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። ይህ ማለት ግን ጥላ ሁሉ ሁከት ነው ማለት አይደለም። የአካባቢው ልማድና የቦታው አቀማመጥም ይታያል። ለአንድ ሰዓት የሚያልፍ ጥላና ቀኑን ሙሉ ግቢ የሚያጨልም ረድፍ ዳኛ ፊት እኩል አይደሉም። እኔ ብሆን አንድ ቀን ጠዋት እሳቸው ግቢ ገብቼ ሰሌኑ የተዘረጋበትን ቦታ አይ ነበር። ለነገሩ ቡናም አይጠፋም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ክረምቱ ነው። የጥዱ እርጋፊ አሸንዳቸውን ደፍኖ ውኃ ወደ ግድግዳቸው ከገባ ነገሩ ወደ ካሳ ይሄዳል። ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ለመክሰስ 2 ዓመት አላቸው (ቁጥር 2143)። እሳቸውም ቢሆኑ ገጀራ ይዘው ግቢዎ ገብተው ጥዱን መጣል አይችሉም።

ፍርድ ቤት ከመመላለስ ሽማግሌ ያስቀምጡ። በየመሃሉ አንድ አንዱን ነቅለው ሰባቱን ለማስቀረት ይስማሙ፤ ለእርስዎም ጥድ የሚበጀው ይኸው ነው። ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉትና ተፈራረሙ። «አጠር ይላል» ተብሎ አይታለፍ፤ ቁመቱ ስንት ሜትር እንደሚሆን፣ ማን በየስንት ጊዜው እንደሚከረክም ይጻፍ። በቁጥር 3312 መሠረት እንዲህ ያለ እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጸናል።

መከርከሙን ደግሞ አሁን፣ ጥዱ ገና ለጋ ሳለ ይጀምሩ። ጫፍ ጫፉን ብቻ ይቁረጡ። ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም።