«አንድም ቦምብ ጣይ አልጠፋባቸውም» የተባለው እውነት ነውን?

ጥያቄ፦ አባቴ በደብረ ዘይት የአየር ኃይል ሠፈር ለብዙ ዓመታት በአውሮፕላን ጥገና ያገለገሉ ሰው ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተዋጉ ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች የተሠራውን «ሬድ ቴይልስ» የተሰኘ ፊልም አብረን ስንመለከት፣ አውሮፕላኖቹ ሊነካኩ ጥቂት ሲቀራቸው እየተታኮሱ ባዩ ቁጥር «እንዲህ ያለ ውጊያ የለም» እያሉ ተቆጡ። እኔ ደግሞ ፊልም እንደ ታሪክ መጽሐፍ መታየት የለበትም ባይ ነኝ። ለመሆኑ ስለ እነዚህ አብራሪዎች «ካጀቧቸው ቦምብ ጣዮች አንድም አልጠፋባቸውም» እየተባለ የሚነገረው እውነት ነው? የጦርነት ፊልምስ እስከ የት ድረስ ቢያጋንን ይፈቀድለታል?
(ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ስለ ቦምብ ጣዮቹ የሚነገረው እውነት አይደለም። የአሜሪካ አየር ኃይል የታሪክ ተመራማሪዎች የየዕለቱን የተልዕኮ ሪፖርትና አውሮፕላን ሲጠፋ ይሞላ የነበረውን ሰነድ አገናዝበው እንደደረሱበት፣ እነዚህ አብራሪዎች የነበሩበት 332ኛው ተዋጊ ቡድን ከጁን 1944 እስከ ኤፕሪል 1945 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በፈጸማቸው 179 የአጀባ ተልዕኮዎች 27 ቦምብ ጣዮች በጠላት ተዋጊዎች ተመትተው ወድቀዋል። ከእነዚህም 15ቱ የወደቁት በአንድ ቀን፣ ጁላይ 18 ቀን 1944 ወደ ጀርመኗ ከተማ ሜሚንገን በተደረገው በረራ ነው። «ቺካጎ ዲፌንደር» የተባለው ጋዜጣ ማርች 24 ቀን 1945 ቡድኑ 200ኛ ተልዕኮውን ያለ ኪሳራ መፈጸሙን አወጀ፤ በዚያው ዕለት ግን ቡድኑ ወደ በርሊን ካጀባቸው አውሮፕላኖች ሦስቱ ወደቁ።

ይህን የምጽፈው የአብራሪዎቹን ክብር ለመቀነስ አይደለም። 332ኛው ይገኝበት በነበረው የአሜሪካ 15ኛ አየር ኃይል ሥር የነበሩት ሌሎች አጃቢ ቡድኖች በአማካይ 46 ቦምብ ጣዮች ጠፍተውባቸዋል። አዛዡ ቤንጃሚን ዴቪስ አብራሪዎቻቸው የጠላትን አውሮፕላን እያሳደዱ የግል ዝና ከመሸመት ይልቅ ከቦምብ ጣዮቹ አጠገብ እንዳይለዩ ያዝዙ ነበር፤ ለአንድ ወጣት ተዋጊ አብራሪ ከዚህ የከበደ ትእዛዝ ያለ አይመስለኝም። «አንድም አልጠፋም» ስንል ይህን ሁሉ ጥረት እንደ ተአምር እናስቆጥረዋለን፤ ከዚያም የባሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ አሥር አሥር ሰው ይዘው ይበሩ የነበሩት እነዚያ 27 አውሮፕላኖች ከነሠራተኞቻቸው እንዳልነበሩ ይቆጠራሉ። እኔ ይቅር የማልለው ማጋነን ይህ ነው።

አባትዎን ያስቆጣቸው ግን ሌላ ዓይነት ነው። እርሳቸው እንዳሉት በዚያ ጦርነት ከተመቱት አብራሪዎች ብዙዎቹ የመታቸውን አውሮፕላን ጨርሶ አላዩትም። ተኳሹ ከኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከፀሐይ አቅጣጫ ይመጣል፤ ሁለት መቶ ወይም ሦስት መቶ ሜትር ርቆ ያለ አውሮፕላንም በካሜራ ሲታይ ከዝንብ አይተልቅም። የፊልም ሠሪው ሁለቱንም በአንድ ምስል ለማስገባት ሲል ያቀራርባቸዋል። አብራሪዎቹ ይበሩበት የነበረው ሙስታንግ የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ስድስት መትረየሶች ያለማቋረጥ ቢተኩሱ ጥይታቸው በግማሽ ደቂቃ ገደማ ያልቃል፤ በፊልም ግን አያልቅም። ሰባት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የኦክስጅን ጭምብል ማውለቅ ራስን መሳት ቢሆንም፣ ተዋናዩ ፊቱ እንዲታይ ያወልቀዋል። አምስትና ስድስት ሰዓት በብርድና በጠባብ ወንበር ላይ የተቀመጠበት በረራም በጥቂት ደቂቃ ያበቃል። እነዚህ የዓይን ማታለያዎች ናቸው፤ ተመልካቹ የሰውየውን ፍርሃት እንዲጋራ እስካደረጉ ድረስ አልቃወማቸውም። በእውነተኛ አውሮፕላኖች የተቀረጸው የ1969ኙ «ባትል ኦፍ ብሪትን» እንኳ ሜሰርሽሚት የተባሉትን የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች ያሳየው በስፔን በተሠሩና የእንግሊዝ ሞተር በተገጠመላቸው አውሮፕላኖች ነው፤ አባትዎ አፍንጫቸውን አይተው ሳይለዩዋቸው አይቀሩም።

ቅር የሚለኝ ማጋነኑ በዓይን ከሚታየው አልፎ የሰዎቹን ታሪክ ሲተካ ነው። በ«ሬድ ቴይልስ» አዛዡ ዴቪስ በራሳቸው ስም አልቀረቡም፤ በቦታቸው ልብ ወለድ መኮንን ገብቷል። ዴቪስ ግን በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ በተማሩባቸው አራት ዓመታት፣ ጥቁር በመሆናቸው ብቻ፣ ከሥራ ጉዳይ በቀር የሚያነጋግራቸው ተማሪ አልነበረም፤ ለብቻቸው በልተው፣ ለብቻቸው ተኝተው በ1936 ተመረቁ። ይህን የመሰለ ሕይወት ላለው ሰው ደራሲ ምን ይጨምርለታል? በአንጻሩ በፊልሙ ውስጥ ተመልካች ፈጠራ ነው ብሎ ሊጠረጥር የሚችለው፣ በበርሊን ሰማይ ላይ ጄት የመምታቱ ታሪክ፣ የሆነ ነገር ነው፤ ያ ማርች 24 ሦስት አብራሪዎች እያንዳንዳቸው ሜሰርሽሚት 262 የተባለ አንድ የጀርመን ጄት ጣሉ። ድሉና የሦስቱ ቦምብ ጣዮች መውደቅ በአንድ ቀን የሆኑ ናቸው፤ እኔ በፊልም ማየት የምመኘው ሁለቱን አብሮ ነው።

አብራሪዎቹ የሠለጠኑበት ቱስኪጊ፣ በአሜሪካ አላባማ የሚገኘው የጥቁሮች የትምህርት ተቋም፣ ከአገራችን ጋርም ይገናኛል። ከዚያ ተቋም ተመርቆ በቺካጎ በረራ ያስተምር የነበረው ጆን ሮቢንሰን በ1935 ኢትዮጵያ መጥቶ፣ አብዛኞቹ መሣሪያ ያልታጠቁ ጥቂት አውሮፕላኖች የነበሩትን የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መርቷል፤ በ1944 ተመልሶም ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠልጥኗል፤ ሕይወቱ ያለፈውም በ1954 በአውሮፕላን አደጋ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። አባትዎ ከቀደምት ባልደረቦቻቸው ስለ እርሱ የሰሙት ካለ ጽፈው ቢልኩልን በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።