«ኮንታሚኔትድ» የሚል የሽንት ከልቸር ውጤት ለደረሳት እህታችን

እህቴ፣ «የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የሽንት ከልቸሬ ኮንታሚኔትድ ይላል። ሽንቴ ተመርዟል ማለት ነው? ጎረቤቴ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ግዢ አለችኝ» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ይህን ወረቀት ይዘው እንባ እየተናነቃቸው መስኮታችን ላይ የሚቆሙ እናቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

አይዞሽ። ከልቸር ማለት ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን አብቅሎ የማየት ምርመራ ነው፤ ኮንታሚኔትድ ደግሞ «ናሙናው ተበክሏል» ማለት ነው። ውጤቱ የሚናገረው ስለ ናሙናው ነው። ከቆዳ፣ ከእጅ ወይም ከዕቃው የመጣ ባክቴሪያ ሽንቱ ውስጥ ገብቷል። ኢንፌክሽን ይኑርሽ አይኑርሽ ገና አልታወቀም።

እኛ ሽንቱን ሚዲያ ላይ (ሳህን ውስጥ ያለ የባክቴሪያ ማብቀያ ምግብ) ዘርተን 37 ዲግሪ አካባቢ እናሳድረዋለን። ኢንፌክሽን ሲሆን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ገንኖ ይወጣል። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ከሆነ ማኮንኪ በምንለው ሚዲያ ላይ ሮዝ ሆኖ ሳህኑን ሞልቶት ያድራል። የተበከለው ሳህን ገና ሲከፈት ያስታውቃል። ትልቁም ትንሹም፣ ነጩም ቢጫውም ተደባልቆ ይበቅላል። ሦስትና ከዚያ በላይ ዓይነት ካየን የትኛው ከፊኛ እንደመጣ መለየት ይቸግረናል። ድገሚ የሚሉሽ ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ሽንቱን ከቤት በሃይላንድ ወይም በታጠበ የሽሮፕ ጠርሙስ ቀድቶ ይመጣል። ለከልቸር ይህ በፍጹም አይሆንም። ላብራቶሪው የሚሰጥሽን የታሸገ ዕቃ ብቻ ተጠቀሚ። ደግሞ ሰዓቱም አለ። ኢ. ኮላይ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ገደማ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆሚ እሱ እየተራባ ነው። ከ2 ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ ፍሪጅ ያስፈልገዋል። ከተቻለ እዚያው ላብራቶሪው ውስጥ ስጪ።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ከፊት ወደ ኋላ አጽጂ። የመጀመሪያውን ሽንት ሽንት ቤቱ ውስጥ ልቀቂው፣ ሳታቋርጪ መሃሉን ቅጂ፣ የመጨረሻውን ተይው። የዕቃውንም የክዳኑንም ውስጥ አትንኪ። ወዲያው ክደኚ። መሃል ከተማ ውሃ የሚጠፋበት ቀን አይታጣምና የታሸገ ውሃና ሶፍት ይዘሽ ሂጂ።

ሲፕሮውን ግን እባክሽ ተዪው። ለነፍሰ ጡር በተለምዶ አይመረጥም። ናሙና ከመስጠትሽ በፊት ማንኛውንም አንቲባዮቲክ ከወሰድሽ ደግሞ ባክቴሪያው እያለም ላይበቅል ይችላል። ጀምረሽ ከሆነ ለላብራቶሪው ንገሪ።

አንዷ እህት ደግሞ «የሮቶ ውሃ አቁሚ» ብላሻለች። የውሃ ብክለት ሌላ ጉዳይ ነው። የመጠጥ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ምንም ኢ. ኮላይ መገኘት የለበትም። ሮቶ ማጽዳት መልካም ነው፣ ያንቺን ውጤት ግን አያስተካክለውም።

«እንግዲያው ምንም የለብኝም» ብለሽም አትተዪው። በእርግዝና ጊዜ የሽንት ባክቴሪያ ምንም ሳያሳምም ቆይቶ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል። በዚህ ሳምንት ድገሚው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም ማስታወክ ካለ ከልቸሩን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ። ከልቸሩ ከ1 እስከ 2 ቀን ይፈጃል። ባክቴሪያ ከተገኘ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የሚያሳይ ምርመራም ይሠራለታል። እሱን ይዘሽ የእርግዝና ክትትል የምታደርጊበት ሐኪም ጋ ግቢ።