«ጠላትህ ቢራብ አብላው» ያሸነፈ መንግሥትንም ይመለከታል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። ቅዱስ ጳውሎስ «ጠላትህ ቢራብ አብላው» ይላል (ሮሜ 12፥20)። ይህ ለየግላችን ብቻ ነው ወይስ በጦርነት ያሸነፈ መንግሥትንም ይመለከታል? ይቅር ከተባለ በኋላ ካሳ መጠየቅስ ኃጢአት አይሆንም?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የሐዋርያው ቃል የተጻፈው ለምእመናን ነው። እዚያው ቀጥሎ ምዕራፍ 13 ላይ ባለሥልጣን ሰይፍ በከንቱ እንደማይታጠቅ ስለሚናገር፣ መንግሥት የጦር ወንጀለኛን ለፍርድ ቢያቀርብ ከዚህ ቃል ጋር አይጣላም። እጁ የገባውን ሕዝብ እንዴት መያዝ እንዳለበት ግን 2ኛ ዜና መዋዕል 28፥8-15ን በዝግታ ያንብቡ።

የእስራኤል ንጉሥ ፋቁሔ ይሁዳን ድል ካደረገ በኋላ ሠራዊቱ 200,000 ሴቶችንና ልጆችን ማርኮ ወደ ሰማርያ ይነዳል። ነቢዩ ዖዴድ ወጥቶ ገሠጻቸው። የይሁዳን ጥፋት አልካደም፤ እናንተም በደል አለባችሁ ነው ያላቸው። አራት የኤፍሬም አለቆችም ምርኮኞቹን ወደዚህ አታገቡም ብለው ሠራዊቱን ተቃወሙት። ዋናው ከዚህ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ነው፦ የታረዙትን አለበሱ፣ ጫማ አደረጉላቸው፣ አበሉ፣ አጠጡ፣ ዘይት ቀቡ፣ የደከሙትን በአህያ ጫኑ፣ እስከ ኢያሪኮ ወስደው ለወንድሞቻቸው አስረከቡ። ልብሱ ከየት መጣ? ከምርኮው፣ ማለትም ከተዘረፈው ዕቃ። ይህችን ሐረግ ብዙ ሰው ያልፋታል። (ዘይቱ፣ አህያው፣ ኢያሪኮና ሰማርያ ሉቃስ 10 ላይ በደጉ ሳምራዊ ተመልሰው ይመጣሉ።)

ኤልሳዕም የተያዙትን የሶርያ ጭፍሮች አብልቶ እንዲሰድዳቸው ንጉሡን አዝዞታል (2ኛ ነገሥት 6)። ሰባኪ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር 23 ላይ፣ አደጋ ጣዮቹ ዳግመኛ አልመጡም የሚለው ላይ ያቆማል። ቁጥር 24 ግን የሶርያ ንጉሥ ወልደ አዴር ሰማርያን ከበበ ይላል። አንድ ማዕድ የነገሥታትን ጠብ አይጨርስም።

በዘመናችንም ሁለቱ መንገዶች፣ የተሸነፈውን ማስጨነቅም መርዳትም፣ ተሞክረዋል። በኅዳር 1918 እ.ኤ.አ. ጀርመን ተኩስ ብታቆምም የአሸናፊዎቹ የባሕር ከበባ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በሐምሌ 1919 ነው። ሕዝቡ እየተራበ ነበር። በ1921 ደግሞ 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ካሳ ተቆረጠባት። ብቸኛው ምክንያት ባይሆንም፣ ያ ቂም ለሂትለር የደረቀ ማገዶ ሆኖለታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን አሜሪካ ከ1948 ጀምሮ በማርሻል ዕቅድ፣ ማለትም በመልሶ ግንባታ እርዳታዋ፣ ለምዕራብ አውሮፓ 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ስታወጣ ምዕራብ ጀርመንም ተካፈለች፤ በ1953 የለንደን ስምምነት ከውጭ ዕዳዋ ግማሽ ያህሉ ተሰረዘላት። የናዚ መሪዎች ግን ኑረምበርግ ላይ ተፈርዶባቸው ነበር።

ስለ ካሳ፦ የሰረቀ ሰው ንስሐ ሲገባ ካህኑ ዕቃውን መልስ ይለዋል። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ጌታ አልከለከለውም (ሉቃስ 19፥8)። ኃጢአት የሚሆነው ካሳው ከድሃው መሶብ ሲነጠቅ ነው። በአገራችንም ይቅርታና ካሳ አብረው ሄደዋል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። የ1947 እ.ኤ.አ. የፓሪስ የሰላም ውል ደግሞ ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍልና የዘረፈችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ደነገገ። በካሳው ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ የአክሱም ሐውልት ግን የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።