ተሠርቶ የወጣ ሞተር ሲተነፍስ፦ ጥያቄና መልስ

ሞተር ወርዶ ከተሠራ በኋላ በመተንፈሻው ስለሚወጣው ትንፋሽ ከወሎ ሹፌሮችና መካኒኮች የተጠየቀው፣ ከነመልሱ። ፋሻ የምንለው የፒስተኑን ቀለበት፣ ላይነር የሲሊንደሩን ሸሚዝ ነው፤ ትንፋሽ ደግሞ በዋናነት በፋሻው አልፎ ወደ ታች የሚሾልከው ጋዝ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ መኪናዬ አሮጌ አይሱዙ ነው፣ ሞተሩ ፎር ቢዲ ዋን። ላይነርና ፋሻ ተቀይሮለት 400 ኪሎ ሜትር ሄዷል። የዘይት ክዳኑን ስከፍት ቡፍ ቡፍ ይላል። እንደገና ላስወርደው?

አብሽር፣ ቁልፍ አታንሳ። ጤነኛ ናፍጣ ሞተርም ትንሽ ይተነፍሳል፤ ፋሻ ገና ካልተቀመጠ ደግሞ ይብሳል። ክዳኑን ገልብጦ አፉ ላይ ማስቀመጥ ፍንጭ እንጂ ልኬት አይደለም። ለክ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ክዳኑና የዘይት መለኪያው ዘንግ ይዘጉ፣ መተንፈሻው ቱቦ ላይ አየሩ የወጣለት ባለ 50 ሊትር ፌስታል እሰር። በ2,000 ዙር ይዘህ ለመሙላት የፈጀበትን ጊዜ ቁጠር፣ እንደሞላ ወዲያው ፍታው፤ ከተረሳ ግፊቱ ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደውን ጎማ) ያወጣል።

እንዳንተ ያለ 3.9 ሊትር ሞተር በ2,000 ዙር በደቂቃ 3,300 ሊትር ገደማ አየር ይስባል። ጤነኛ ሞተር ጭነት ላይ ሆኖ ከዚህ ውስጥ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ያህሉን ያሾልካል፤ ማለትም በደቂቃ ከ17 እስከ 33 ሊትር። ቆሞ ሲለካ ከዚያም ማነስ አለበት። ፌስታሉ ከደቂቃ ተኩል በላይ ከፈጀ ሥራህን ሥራ። በ30 ሰከንድ ከሞላ ችግር አለ። መሐል ላይ ከሆነ ጻፈውና 1,500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ድገመው። ቁጥሩ እየቀነሰ ከሄደ ፋሻው እየያዘ ነው።

ከደሴ፦ መካኒኩ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ለክቶ አራቱንም ከ22 እስከ 23 ባር አገኘ። መጽሐፉ 30 ስለሚል «ፋሻው አልያዘም» ይለኛል።

መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው የሚጫነው። ባሕር ዳርቻ 30 ያነበበ ሞተር ደሴ ላይ 22 ገደማ ቢያነብ ልኩ ነው፤ ያው ሞተር ኮምቦልቻ ቢወርድ 24 ያሳያል። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ደህና ሞተር ይወርዳል! መታየት ያለበት የሲሊንደሮቹ ልዩነት ነው። ሦስቱ 22 ሆነው አንዱ 17 ቢሆን ያኔ እንነጋገር ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ለቤንዚን ሞተር ይሠራል። በዚህ ናፍጣ ግን ፒስተኑ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 60 ሲሲ ገደማ ስለሆነ አንድ ማንኪያ ዘይት በራሱ ቦታ ይዞ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ አትመነው። ይልቅ ፒስተኑን ላይ አድርሰህ፣ ማርሽ አስገብተህ፣ ፍሬን ይዘህ፣ በኖዝሉ (በናፍጣ መርጫው) ቀዳዳ አየር ስጠው። በዘይት ክዳኑ ቢነፍስ ፋሻ፣ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ቢነፍስ የጭስ ቫልቭ፣ በአየር ፊልትሮው በኩል ቢነፍስ የአየር ቫልቭ፣ ራዲያተር ውስጥ አረፋ ቢታይ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው።

ከወልድያ፦ ኮምፕሬሽኑ እኩል ነው፣ ዘይትም አይበላም፤ መተንፈሻው ግን እንደ ወናፍ ይነፍሳል።

ፍሬኑስ? በብዙ አሮጌ አይሱዙ ዳይናሞው ጀርባ ላይ ቫኪዩም ፓምፕ አለ፤ የሳበውን አየር ከዘይቱ ጋር የሚመልሰው ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) ነው። የፍሬኑ ሰርቮ (ፍሬን የሚያግዘው) ወይም ወደ እሱ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ካፈሰ ፓምፑ ሳያቋርጥ የውጭ አየር ሞተሩ ውስጥ ይነፋል። መኪናው ቆሞ ታኮ ተደርጎለት፣ የጎማ ቱቦውን ከፓምፑ ነቅለህ የፓምፑን አፍ በደንብ ድፈን። ትንፋሹ ከረገበ ጥፋተኛው ፋሻ አይደለም። ፍሬኑንም ሳትዘገይ አሠራ። በኤንትሬና (በፊያት ጭነት መኪናው) በሌሎች የአየር ፍሬን ባላቸው ደግሞ ኮምፕሬሰሩን ጠርጥር፤ የእሱ ፋሻ ሲያልቅ ትንፋሹ የሚመለሰው እዚያው ሞተር ውስጥ ነው። ቱርቦ ካለም የዘይት መመለሻ ቱቦውን ለይተህ እይ።

ከባቲ፦ ገንዘብ አጥሮ ፋሻ ብቻ ቀየርን፣ ሲሊንደሩ የድሮው ነው። ይይዛል ወይ?

ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካው ስስ ብረት) ይንገርህ። አንዱን ፋሻ ሲሊንደሩ ውስጥ ከትተህ በፒስተን አናት ገፍተህ አስተካክለው፤ መጀመሪያ ታች ፋሻ በማይደርስበት ቦታ፣ ቀጥሎ ላይ ፋሻው ተመላልሶ በሚያርስበት ለካ። ለ102 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ክፍተቱ ከ0.30 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። የሁለቱን ልዩነት ለ3.14 ስታካፍል ሲሊንደሩ የሰፋበት ይወጣል፦ ታች 0.35፣ ላይ 0.98 ካነበብክ ልዩነቱ 0.63፣ ስፋቱ 0.20 ነው። እንዲህ ያለውን የትኛውም ፋሻ አያድነውም፤ ሬቲፊካ (ሲሊንደር የሚሰፋበት ቤት) ይግባ ወይም ላይነር ይቀየር። ክፍተቱ ታችም ላይም 1.9 አካባቢ ቢሆን ደግሞ በ0.50 ሚሊ ሜትር እንዲሰፋ ለተደረገ ሲሊንደር ስታንዳርድ ፋሻ ተሸጦልሃል ማለት ነው። ከመደብር ሳትወጣ ፓኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብ።

ሲሊንደሩ ደህና ከሆነም ሳይሞረድ (ውስጡ በድንጋይ ሳይጫር) አዲስ ፋሻ አይግባ። የመስቀለኛ ጭረቱ ማዕዘን ወደ 45 ዲግሪ፣ ድንጋዩ ለተራ ፋሻ ከ180 እስከ 220 ይሁን። ከውስጥ ክሮም የተቀባ ስስ ላይነር ግን አይሞረድም፤ ክሮም ፋሻም አይገባበትም፣ ሁለቱ አይዋደዱም። የሞረድከውን በናፍጣ ብቻ አትጠብ፤ ዱቄቱ ጭረቱ ውስጥ ይቀራል። በሙቅ ውኃና ሳሙና፣ ነጭ ጨርቅ እስኪነጣ ድረስ፣ ከዚያ ወዲያው ዘይት። ፊደል ያለበት የፋሻ ፊት ወደ ላይ፣ አፎቹ በ120 ዲግሪ ተለያይተው።

ከሐይቅ፦ ሮዳጅ (አዲስ ሞተር ማለማመድ) ብለው ጋራዥ ውስጥ ሁለት ቀን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) አሠሩት። ልክ ነው?

ልክ አይደለም። ፋሻን ወደ ሲሊንደሩ የሚጫነው የቃጠሎው ግፊት ነው፤ ሚኒሞ ላይ ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ዘይቱ እየተጋገረ ሲሊንደሩን እንደ መስታወት ያደርገዋል። ፍሳሽና የዘይት ግፊት ካየህ በኋላ ግማሽ ጭነት ጭነህ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን ዳገት ውጣበት። ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥ በሚጎትትበት ማርሽ፣ ነዳጅ እየሰጠህ እየለቀቅህ፣ ሙቀቱን እያየህ። ዘይቱ ተራ 15ደብሊው-40 ይሁን፣ ሲንተቲክ አይደለም፤ በ500 ኪሎ ሜትር ከነፊልትሮው ቀይረው። ከተጋገረ ወዲህ ግን ዳገት ላይመልሰው ይችላል፤ 1,500 ኪሎ ሜትር ላይ የፌስታሉ ልኬት ካልተሻሻለ ማውረድና መሞረድ ነው።

ከመካነ ሰላም፦ ጥሩ ተሠርቶ በ2,000 ኪሎ ሜትር ያለቀስ?

አቧራ በለው። ከፊልትሮው በኋላ ያለውን የአየር ቱቦ ጎማ ፍታና ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ቡናማ ከወጣ ጎማው ተሰንጥቋል፣ ፋሸታው (የቱቦው ማጥበቂያ) ላልቷል፣ ወይም ፊልትሮው በጎሚስታ አየር ተነፍቶ ተበስቷል። ይህን ሳትዘጋ ሌላ ፋሻ አትግዛ።

ከኩታበር፦ ዘይት ስለሚረጭ መተንፈሻውን ብንደፍነውስ?

የኋላው ኦይል ሲል ይወጣል፣ የመለኪያው ዘንግ ይፈናጠራል። ይልቅ ወንፊቱን አውጥተህ እጠበው፤ ብዙ ጊዜ የሚረጨው እሱ ሲደፈን ነው።